ውሃ የማይሄድበት ቧንቧ

አንተ የሕግ ሰው፣ እንዴት ነህልኝ?

ካርዱ ላይ የምታየው የወደቡ መብራት ማማ ነው፤ እኔ ግን ቀኑን የዋልኩት ከጀርባው ባለው መጋዘን ነው። የምታስጎበኘኝ የዚህ አገር ጉምሩክ ፈታሽ፣ የሥራ አጋሬ፣ ወፈር ያለች ቀልደኛ ሴትዮ ናት። «የውሃ ቧንቧ» የሚል ሣጥን አስከፈተችና አንዱን ብረት አንስታ ውስጡን በስልኳ መብራት አሳየችኝ። ከጫፍ እስከ ጫፍ እየተጠማዘዘ የሚሄድ ቦይ ተቀርጾበታል። «እስቲ ንገሪኝ፣ ውሃ መሽከርከር ምን ያደርግለታል?» አለችኝ። ለካ ጥይት እያሽከረከረ የሚያወጣ የጠመንጃ አፈሙዝ ነው! የሚሄደውም የጦር መሣሪያ ማዕቀብ ወደተጣለበት አገር።

«አሁን ለተባበሩት መንግሥታት ልትደውዪ ነው?» ብዬ ብጠይቃት ሳቀች። «ምን በወጣኝ! መከልከሉን እነሱ ከለከሉ፤ መያዙን የሚይዘው ግን የራሳችን አዋጅ ነው።» ቅጹ ላይ «የተጣሰው አንቀጽ» ከሚለው ፊት ቁጥሩን ጻፈች፣ ሣጥኑን አሸገች፣ አለቀ።

ያን ጊዜ እኛ አገር ጉምሩክ አምና የለቀቅነው እንዲሁ ያለ ጭነት ትዝ አለኝ። እኛም አይተን ነበር፤ አውቀንም ነበር። የተባበሩት መንግሥታት ክልከላ በእጃችን ነበር፤ ቅጹ ላይ የምንጽፈው አንቀጽ ግን አልነበረንምና ባለንብረቱ አመስግኖን ሄደ። ዛሬ ማን ላይ እንደተደገነ እንጃ።

ቦታ አለቀብኝ፣ በጠርዙ ነው የምጽፈው። እማማን ሳምልኝ፣ ልጆቹንም። ማዕቀቡን እኛ አገር እንዲያስፈጽም ያረቀቅከውን አዋጅ ደግሞ ከሻይ ብርጭቆህ ስር አውጣና ለአለቆች ስጥ። የብርጭቆው ክብ ቢታይበትም ግድ የለም፤ ብቻ ቁጥር ይኑረው።