ስለ ወንድምሽ የጻፍኩት

ሐፍሳ፣

መኪናው ሊነሳ ስለሆነ ቸኩያለሁ። ለፈተና ቁጥጥር ጌጫ ተልኬ ነው፤ እሑድ ሚዛን እገባለሁ። ምስሩን ዛሬውኑ ብዪው፣ ለነገ አይቆይም። ጣሪያው አልጋሽ ላይ ስለሚያፈስ ባልዲ አድርጌበታለሁ።

ሁለት ወር ሙሉ ልጽፍ ስቀመጥ አንድ መስመር እንኳ እምቢ አለኝ። እኔ ደግሞ፣ «ሬዲዮውን ዝጊው፣ ስሜቴን እያባረርሽብኝ ነው» እያልኩ ባንቺ ላይ ስነጫነጭ ከረምኩ።

ቴፒ ቡና ለቀማ ሄዶ ስለቀረው ወንድምሽ ትናንት ጠዋት ስታወሪኝ፣ አንቺ እያለቀስሽ እኔ በልቤ ዓረፍተ ነገር አሳምር ነበር። ገበያ እንደወጣሽ አሥር ገጽ ጻፍኩ። ጽሑፉ እንደዚህ መምጣቱ አናዶኛል።

ደብተሩ ትራስሽ ሥር ነው። ሌላ ግልባጭ የለኝም። አንብቢው፤ ካልወደድሽው ምድጃ ውስጥ ክተቺው፣ ስመለስ አልጠይቅሽም።

ሰርካዲስ