አተላ ውስጥ የሰመጠው ቦምብ

አዲስ አበባ፣ ልደታ
ሰኔ 4 ቀን 1930 ዓ.ም.

ይድረስ ለዓይኔ ማረፊያ ለልጄ ለጋሻው፤

ጤናህ እንዴት ነው? የጫካው ብርድስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ደህና የሆንኩት ግን በእናንተ ጥረት አይደለም። ይህን ደብዳቤ ነጋዴው በከር በበቅሎው ኮርቻ ውስጥ ሰፍቶ ያመጣልሃል። ለእሱም ለበቅሎውም ውሃ ስጥልኝ። አንብበህ ስትጨርስ አቃጥለው።

ቦምቡ አልፈነዳም። ምናልባት እዚያ ተፎክሮበት እንደሆነ ብዬ አስቀድሜ ልንገርህ።

ረቡዕ ሰኔ አንድ ቀን የልደታ ማኅበራችን ነበር። በየወሩ መባቻ ዳቦውን እየገመጥክ ያደግክበት ማኅበር! እዚያ ዱር ውስጥ ቀን የሚቆጥር አንድ ሰው ጠፋ? ተራው የአቶ ሀብተሥላሴ ነበርና በእሱ ቤት ተሰበሰብን። አዎ፣ ለጣልያኖቹ አስተርጓሚ የሆነው ሀብተሥላሴ። ባንዳ ነው ብለህ አትንገረኝ፤ እኔም አውቃለሁ፣ መንደሩም ያውቃል፣ እሱ ራሱም ያውቃል። የጽዋው ተራ ግን ጣልያን ሳይገባ የተያዘ ነው፤ ማንም ተነሥቶ አይዘለውም።

እናንተ ደግሞ ሰው ነጭ ለብሶ፣ ሌማት ተሸፍኖ ሲገባ ከሩቅ አይታችሁ ለጣልያን ሹማምንት ድግስ የተደገሰ መሰላችሁ። ተገኙ የተባሉት ሹማምንት እኔ፣ መምሬና አሥራ አንድ አሮጊቶች ነን።

ቦምቡ በመስኮት ገባ፤ በመምሬ ጥምጥም ላይ አለፈና ጥግ ከቆመው ጋን ውስጥ ዘጭ አለ። ጠላው አልቆ አተላው ብቻ ነበር የቀረው። ሁላችንም ዞረን ጋኑን አየን። አተላው አንዴ ቡልቅ አለና ዝም። ሽጉጥ ታጥቆ መንደሩን የሚያንቀጠቅጠው ሀብተሥላሴ የመምሬን መስቀል ከእጃቸው ነጥቆ አልጋ ሥር ገባ። መምሬም መስቀላቸውን ሊያስመልሱ ተከትለውት ገቡ። መውጣቱን ትተው ከዚያው ሆነው «ጽዋው ሳይነሣ አንድ ሰው ንቅንቅ እንዳይል!» ብለው ገዘቱን። የወሩ ተረካቢ እኔ ነበርኩና በጉልበቴ እየዳኽኩ ሄጄ ጽዋውን ተቀበልኩ።

ያልደነገጠችው ሚስቱ የሻረግ ብቻ ናት። ቦምቡን በጭልፋ አወጣችው፤ አጠበችው፤ የጣልያን ፖሊሶቹ ካራቢኔሪዎቹ ሲመጡ በሰሐን አድርጋ «እጃችሁ እንዳይቆሽሽ ብዬ ነው» ብላ አቀረበችላቸው። አሯሯጣቸውን ብታይ ኖሮ ሌላ ቦምብ አያስፈልጋችሁም ነበር።

ቆይተው ተመለሱና የወረወረው ማነው ብለው ጠየቁ። አንዷ ረጅም ነው አለች፤ አንዷ አጭር፤ አንዷ ደግሞ ሴት ሳትሆን አትቀርም አለች። መምሬ «እኔ አልጋ ሥር ነበርኩ» ብለው ተገላገሉ። እኔ ሽበታም፣ እግሩን የሚያነክስ ሽማግሌ ነው ብዬ ማልኩ። ንስሐዬን እገባለሁ። ሲሮጥ ጀርባውን አይቻለሁ፣ ጋሻዬ፤ እኔ ያጠብኩት ጀርባ ነው። ሀብተሥላሴም ከመስኮቱ አጠገብ ነበርና መልኩን አይቷል። ዓይን ዓይኔን አየኝ፣ አየሁት። ከዚያ ሽበቱንም አንካሳነቱንም አንድ ሳያጎድል ለጣልያኑ ተረጎመልኝ። ለምን እንደዚያ እንዳደረገ አልጠየቅኩትም፤ እሱም አልነገረኝም።

አሁን ሳቄን ትቼ ልንገርህ። ባለፈው ወር ተክለ ሃይማኖት አጠገብ የጣልያን ካሚዮን ላይ የተወረወረው ግን ፈንድቷል። የካሚዮኑ ጎማ ተቀደደ፤ በርበሬ ሻጯ ትርንጎ ሞተች። ጎማውን በማግስቱ ቀየሩት። ትርንጎ ከገበያተኛ በቀር ከማን ጋር ተጣልታ ታውቃለች? ስሟን እዚያ ያነሣው ሰው አለ? ዓምና የካቲት ላይ ጣልያኖቹ ሴት ሽማግሌ ሳይሉ ፈጁን፤ አባትህን ከደጃችን ላይ ያነሣሁት በእነዚህ እጆቼ ነው። አንተ የወጣኸው በዚያ ነው፤ እኔም መርቄ ሸኝቼሃለሁ። ስመርቅህ ግን እንደ እነሱ ሳትለይ ግደል አላልኩህም።

ትናንት ጠዋት በራችን ላይ ወረቀት ተለጥፎ አገኘሁ። «ከባንዳው ጋር የሚበላ ከባንዳው ጋር ይሞታል» ይላል። የእጅ ጽሑፍህ አለመሆኑን ሳይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፣ ከደስታዬ። ወረቀቱ ግን ከእናንተ ዘንድ የመጣ ነው።

ጽዋው ያለው እኔ ቤት ስለሆነ ሐምሌ አንድ ቀን ማኅበሩ እዚህ ነው። አልሰርዘውም፤ ሀብተሥላሴንም አትምጣ አልለውም። ለክፋቱ ዳኛ ካስፈለገ አገሩ ነፃ ሲወጣ ትዳኙታላችሁ፤ ያኔ እኔም መጥቼ ያየሁትን እመሰክራለሁ፣ ክፉውንም ደጉንም። አሮጊቶቹ ወረቀቱን ሰምተው ከእሱ አጠገብ ማን ይቀመጣል እያሉ ተጨንቀዋል። አትጨነቁ አልኳቸው። እኔ እቀመጣለሁ፣ በቀኙ፣ ትከሻዬ ትከሻውን እስኪነካ። ይህን ለአለቃህ ንገረው። እሱ ካልሰማህ ደግሞ ለራስህ ንገረው።

ካልሲ ልኬልሃለሁ፤ እግርህን አድርቀህ አድርግ። ጥሬ ሥጋ አታብዛ።

እመቤቴ ልደታ አንተን ከጥይት ትሰውርልኝ፤ እኔን ደግሞ ከአንተ ትሰውረኝ።

እናትህ
ተናኘወርቅ