የወይዘሮ ሸዋረገጥ ቀይ ድንጋይ

ለምወድህ ወንድም ጋሼ፣

እንደምን ከርመሃል? የየቡ ገጠር ዝናብ፣ የቡናው ሥር ጉንዳንና የአክስታችን ምክር እንዴት ይዘውሃል? እኛ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከአባባ ዓይንና ከእኔ አፍ በቀር ደህና ነን።

አባባ አሁንም መነጽር አልፈልግም ይላሉ። ባለፈው ከወርቅ መሥሪያ ጠረጴዛቸው ላይ የወርቅ ብናኝ መስሏቸው የበሶ ዱቄት በብሩሽ ጠርገው ወረቀት ውስጥ ቋጠሩ። ስስቅ፣ አንቺ ስለ ወርቅ ምን ታውቂያለሽ ብለው ተቆጡ።

ዋናው ወሬ ግን ሌላ ነው። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ሚስት ወይዘሮ ሸዋረገጥ የእናቷን ቀይ ድንጋይ አምጥታ፣ ለፋሲካ ቀለበት ላይ ካስቀመጡልኝ ባሌ ልጅዎን ከብሔራዊ ውትድርናው ዝርዝር ይፍቀዋል አለች። እማዬ እግሯ ላይ ልትወድቅ ምንም አልቀራት።

ድንጋዩ ሆዱ እብጥ፣ ሥሩ ለጥ ያለ ነው። ከጥርስ ሐኪሙ የለመንነው አሮጌ መሰርሰሪያ ደግሞ (ስንቱን የጅማ መንጋጋ አስለቅሶ ይሆን!) ጫፉ ሹል ስለሆነ ቀለበቱ ላይ የድንጋዩን መቀመጫ እንደ ጉድጓድ ይቆፍረዋል። አንተ ነበርክ ሹሉን በመሳያ ድንጋይ ሞርደህ ለጥ የምታደርገው። ከሸሸህ ወዲህ ያን የሚችል ቤታችን ውስጥ የለም።

ሐሙስ ጠዋት አንድ የተሞረደ መሰርሰሪያ ጠረጴዛው ላይ ተገኘ። አባባ በጣታቸው ዳበስ አድርገው ሠሩበት። ጫፉ ለካ ወደ አንድ ጎን አዘንብሏል። ድንጋዩ ግማሹ ተደግፎ ግማሹ አየር ላይ ቀረ፤ ድንጋዩን እንዲይዝ የቀለበቱን ከንፈር ገፋ ሲያደርጉበት ቋ አለ። ለሁለት።

ወይዘሮ ሸዋረገጥ ብትጮህ ይሻለን ነበር። ስባሪውን በመሐረቧ ቋጥራ፣ ልጅዎ የት እንደገባ ባሌ እስካሁን አልጠየቀም፣ አሁን ይጠይቃል ብላ ወጣች።

አባባ ለእማዬ፣ መሰርሰሪያውን የሞረድኩት እኔ ነኝ፣ ዓይኔ ከዳኝ አሉ። ዓይኔ ደህና ነው እያሉ ከሰው ሁሉ ሲጣሉ የኖሩ ሰውዬ! እማዬ እስካሁን አላናገረቻቸውም። አልጋህን ግን በየቀኑ ፀሐይ ላይ ታወጣዋለች።

እና ለፋሲካ እንዳትመጣ። ከአክስታችን ቤትም ዛሬውኑ ውጣ፤ ወዴት እንደሆነ ለእኛም አትንገረን። እንዲህ በዪው ያሉኝ አባባ ናቸው። ይህን አንብበህ እሳት ውስጥ ጨምረው።

ጽሑፌ ቢጣመም አትሳቅብኝ፤ የአመልካች ጣቴ ጫፍ መሳያ ድንጋይ እንደ ነካው ተልጧል። እማዬ ምን ሆንሽ ስትለኝ፣ ሽንኩርት ስከትፍ አልኳት። አባባ ሰምተው ጠሩኝ። ጣቴን ወደ ብርሃን አቅርበው ብዙ ጊዜ አዩት፣ ከዚያ በጨርቅ ጠቀለሉልኝ።

ደብዳቤውን የምታደርስልህ ጎረቤታችን ፈድሊያ፣ ማሎ፣ እባክሽ፣ መኪናው ጥሎኝ ሊሄድ ነው እያለች በሩ ላይ ትንቆራጠጣለች።

እመቤቴ ማርያም በመንገድህ ሁሉ ትቅደምልህ። የሚፈልጉህን ሰዎች ዓይን ትያዝልህ። እኔንም አንተ ይቅር በለኝ።

ታናሽ እህትህ