ክምሩን የከፈተው እንግዳ

የካቲት 6

የከሰሉን ክምር ዛሬ ጨረስኩ። የዲከረንሱን ዛፍ ቆርጬ ደርድሬ ሣር አለበስኩት፤ ከላይ አፈር። ጢሱ ገና ነጭ ነው። ሦስት አራት ቀን መጠበቅ አለብኝ… አንዲት ቀዳዳ ከተከፈተች ሁሉም አመድ ነው።

ያ እንግዳ ዛሬም አጥሩ ጥግ ቆሞ ዋለ። እሱና ወገኖቹ ከሰማይ መጥተው ዘንገና ሐይቅ ዳር ካረፉ ሦስት ወር ሆናቸው። ወርቅነሽን፣ ሚስቴን፣ የቀበርኩ ሰሞን ነው። ይኼኛው ቀብሯ ላይ ከዳር ቆሞ አይቷል። እጁ አራት፣ ዓይን የሚባል የለው… ግን ያያል። ልጄ ፋና አማርኛም አዊኛም ታስተምራቸዋለች። ጎበዝ ነው ትላለች። እኔን ምን ቸገረኝ።

የካቲት 8

ወርቅነሽ ብትኖር ምሳ ይዛ ክምሩ ዘንድ ትመጣ ነበር። ናፈቀችኝ።

የካቲት 9

ጉድ ሆንኩ! ውኃ ልጠጣ ቤት ገብቼ ስመለስ እንግዳው ክምሩን በአራት እጁ ይዝቃል። እሳቱ ወጥቷል፣ እሱ አያቆምም። በአካፋው እጀታ ጀርባውን መታሁት። ሁለቴ። ዞሮ እጆቹን አሳየኝና ሄደ። ተቃጥለዋል… አይቼ ነው የሰደብኩት። የአራት ዓመት ዛፍ!

የካቲት 11

ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ከመካከላቸው አያ ይኸነው «ተበዳዩ አንተ ነህ፣ እንግዶቹ ይሂዱ ካልክ ለወረዳው እንነግራለን» አሉኝ። ይሂዱ አልኩ። እስከ ኪዳነ ምሕረት አስብበት ብለው አሳደሩት። ምኑን ነው የማስበው?

የካቲት 13

ፋና እንግዳውን ልትጠይቅ ሄዳ ነበር። ስትመለስ ፊቷ ልክ አይደለም። እነሱ አገር ሙት አይቀበርም አሉ። እናቷን አፈር ስናለብስ አየ፤ አሁን ደግሞ አፈር የለበሰ ነገር ሲጨስ አየ፤ እሷ መሰለችው።

«እናትሽ ትተነፍሳለች። አባትሽ አልሰማም መሰለኝ» አላት።

እጁን ያቃጠለው ለወርቅነሽ ነው… እኔ በአካፋ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይላሉ። እኔ ግን መርሳት አቃተኝ። ቀብሯ ላይ ያላለቀስኩትን ዛሬ አለቀስኩ።

የካቲት 16

ከቅዳሴ መልስ ድንጋይ አንገቴ ላይ አድርጌ ዘንገና ወረድኩ። ቀለል ያለ መምረጥ ነውር ነው፤ ከበደኝ። አያ ይኸነው ከኋላዬ እየመጡ፣ የተቃጠለው ያንተ ክምር፣ ድንጋዩን የምትሸከመው አንተ? አሉ። የተመታው እሱ ነው አልኳቸው። ይኑሩም አልኩ።

ተንበርክኬ «ማረኝ» አልኩት። ተበዳይ «ምሬሃለሁ፣ አውርደው» ይላል፤ ልማዱን ግን ማን ነግሮት? በቆሰሉ እጆቹ ድንጋዩን አንሥቶ የራሱ ትከሻ ላይ ጫነው። እሱም ተንበረከከ። አያ ይኸነው ሁለታችንንም አስነሡን።

ከዚያ ወርቅነሽ መቃብር ድረስ ይዤው ሄድኩ። አፈሩ ላይ ተኝቶ ቆየ… በጣም ቆየ።

«አትተነፍስም» አለኝ።

«አዎ። ሞታለች» አልኩት። እስከ ዛሬ ለማንም ብዬው አላውቅም።