አንጀቴን ማን ይስፋልኝ

ሰኞ

ለሚመለከተው ሁሉ፦ ዛሬ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ የሜሮን የግራ እግር ካልሲ ለሕክምና ምርምር ተሰውቷል። ቀኙ ሐዘን ተቀምጧል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሐሙስ አንጀቴ ይቆረጣል። ውስጡ የበቀለችውን እባጭ ያወጡና የቀሩትን ሁለት ጫፎች ይገጥማሉ። በሽቦ ወይስ በክር? ካልሲውን መሐሉ ላይ ቆርጬ፣ ግማሽ ዙሩን በስቴፕለር፣ ግማሹን በመርፌ ገጠምኩት። ውሃ ሞላሁበት። በየትኛው በኩል አፈሰሰ? በሁሉም። ካልሲ ነዋ!

የልጅ ልጄ ሜሮን ደረሰችብኝ።

«አባባ፣ ሲሪየስሊ? ለሥራ የምለብሰውን?»

«ጽድቅ ነው፤ ይጻፍልሻል» አልኳት።

ማክሰኞ

ከምንኖርበት ከተማ ከዋይሊ ተነስተን ቀዶ ሐኪሟ ዘንድ ሄድን፤ ሜሮን አስተርጓሚ። ካልሲውን ከኪሴ አወጣሁ። ሐኪሟ አልሳቀችም። የመርፌውን በኩል በጣቷ ዳበሰችና ልብስ ሰፊ እንደሆንኩ ጠየቀች። አርባ ዓመት፣ ናዝሬት!

እሷ ደግሞ የእሷን ሙያ ነገረችኝ። ስቴፕለሩ ድርብ ረድፍ ሽቦ ባንዴ ይመታል፤ ይፈጥናል። የእጅ ስፌት ይዘገያል፤ ግን ቦታው ሲያስቸግር ወይም አንጀቱ ሲያብጥ ይመረጣል። በጥሩ እጅ ሁለቱም ይይዛሉ። ሆዴን ከፍታ አይታ ትወስናለች። ካፈሰሰ ግን እንደገና መከፈት ነው፤ በኔ ዕድሜ ደግሞ…

«በእጅ ይሁንልኝ በያት» አልኩ።

«አባባ፣ ሜኑ አይደለም እኮ!»

ለምን እንደፈለግሁ ለሁለቱም አልነገርኩም።

ረቡዕ

አንጀት የሚያጥብ መድኃኒት ጠጥቻለሁ። የምጽፈው ከመጸዳጃ ቤት ነው። ዝርዝሩን ዘልያለሁ።

ባለቤቴ አስካለ ካረፈች አራት ዓመት። ሱቃችን ውስጥ እኔ የስፌት መኪናው ላይ፣ እሷ በእጅ። እጅጌ ልገጥም ስል ትነጥቀኝ ነበር። «መኪና ይሮጣል፤ እጅ ግን ያያል» ትላለች። «አንቺ አንዱን እጅጌ እስክትጨርሺ ሙሽራው ይፋታል» እላታለሁ። ትስቅና ክሩን በጥርሷ ትበጥሳለች።

ነገ የማላውቀው ክፍል ውስጥ ተኝቼ ሆዴ ይከፈታል። የሚያየኝ እጅ ቢኖር ብዬ ነው። የእሷ ባይሆንም።

ቅዳሜ

አለሁ።

ሐኪሟ መጥታ በሽቦ እንደገጠመችው ነገረችን። መጨረሻ ላይ ግን ሦስት ስፌት በእጇ ጨምራለች። ሰማሽ አስካለ? ሦስት!

አሁን ሆስፒታሉ በሙሉ የሚጠብቀው ፈሴን ነው። አንጀት ለመንቃቱ ምልክቱ እሱ ነው አሉ። ሰማንያ ዓመት ያሰደበኝ ነገር፣ ዛሬ እንደ እንግዳ ይናፈቃል። ሜሮን በገባች በወጣች ቁጥር «አባባ፣ ምንም የለም?»

የለም። ሆዴ ዝም ብሏል። ፈርቻለሁ።

ሰኞ

ወጣ! ሜሮን ለዘመድ አዝማድ ሁሉ ቴክስት አደረገች። እንዲህ ያለ የደስታ መግለጫ ለልደቴም አልደረሰኝም። ሾርባ ተፈቀደ። ትኩሳት የለም፤ ሐኪሟ ግን ጥቂት ቀን እንይ ብላለች።

ከሰዓት በኋላ ሜሮን ያንን ካልሲ ይዛ መጣች። ቀኙንም ጭምር።

«አባባ፣ የመርፌውን ሳይድ አስተምረኝ።»

አንቱታ ገና ነው፤ መርፌ አያያዟ ግን መጥፎ አይደለም። አንድ ዙር ጨረሰችና መቀስ ስፈልግላት ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። ማንም አላሳያትም። ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

አንድ ነገር ልናዘዝ። ሐኪሟ ሦስት ስፌት አላለችም። ሁሉም ሽቦ ነው። ሦስቱን እዚህ ጽሑፍ ላይ የጨመርኳቸው እኔ ነኝ፤ አስካለ፣ በነሱ በኩል ገባ ብለሽ እንድታዪልኝ።