ስለ ግራ ጆሮዬና ስለ ተሸላሚው ሹፌር

ለአስተዳደር ኃላፊው
ቀን፦ የካቲት 9 ቀን 2016 ዓ.ም.

ጉዳዩ፦ «ደንበኛ አታዳምጥም» ተብሎ የተሰጠኝ ማስጠንቀቂያ እንዲነሳልኝ ስለመጠየቅ

እኔ አመልካች በመሥሪያ ቤታችን የስልክ ተቀባይ ስሆን፣ ባለቤቴ ደግሞ የሠራተኞች ሰርቪስ ሹፌር ነው።

1. ደንበኞችን «እባክዎ ይድገሙልኝ» እያልኩ አሰልችቻለሁ መባሉ እውነት ነው። የግራ ጆሮዬ አይሰማም። ታምቡሩን በጥፊ የቀደደው ባለቤቴ ሲሆን፣ ምክንያቱም «ጠንቃቃ ሹፌር» ተብሎ በሚሸለምበት ቀን የሚለብሰው ሸሚዝ በደንብ አልተተኮሰም የሚል ነው። ሽልማቱን እርስዎ ሲሰጡት እኔም አዳራሹ ውስጥ ነበርኩ። ስሙ ሲጠራ ስላልሰማሁ፣ ያጨበጨብኩት ገንዘብ ያዧ በክርኗ ጎሸም ስታደርገኝ ነው።

2. ሽልማቱ አይገባውም አላልኩም። መኪናውን አንድም ቀን ጭሮት አያውቅም። ቢጭረው ኖሮ ሳይመሽ ኮሚቴ ይቋቋምበት ነበር። እኔ የመሥሪያ ቤቱ ንብረት ባለመሆኔ ለዚህ ወግ አልበቃሁም።

3. ጆሮዬን ያየችው ሐኪም «ጆሮሽ እንደ ድሮው አይሆንም። ራስ ምታቱ፣ እንቅልፍ ማጣቱና የደም ግፊቱ ግን እዚያ ቤት እያለሽ በክኒን ብቻ አይለቁሽም» አለችኝ። ይህንኑ ቢሮዎ ቀርቤ ባስረዳም «የቤት ገመና አደባባይ አይወጣም፤ ደግሞስ እሱ ዝንብ እንኳ እሽ የማይል ሰው ነው» አሉኝ። ስለ ዝንቡ አልከራከርም።

4. ስለዚህ የሐኪሟን ምክር መርጬ፣ ለፖሊስ አመልክቼ፣ ልጄን ይዤ እህቴ ቤት ገብቻለሁ። እንቅልፍ ይወስደኝ ጀምሯል። ልጄ ግን አሁንም የምትራመደው በእግር ጣቶቿ ነው። ትናንት ብርጭቆ ከእጇ አምልጧት ሲሰበር ሁለት ጆሮዎቿን ይዛ ግድግዳ ላይ ተለጠፈች። እህቴ «እሰይ! እኔም አስጠልቶኝ ነበር» ስትላት በሩን አየች፤ ማንም አለመምጣቱን ስታረጋግጥ ሳቀች። ይህ ለጽሕፈት ቤቱ የሚጠቅም ማስረጃ አለመሆኑን አውቃለሁ፤ ሳልጽፈው ማለፍ ግን አልቻልኩም።

ስለሆነም ማስጠንቀቂያው ተነስቶልኝ ስልክ ወደማይነሳበት ክፍል እንድዛወር፣ እኔ በምሳፈርበት የሰርቪስ መስመርም ሌላ ሹፌር እንዲመደብ በአክብሮት እጠይቃለሁ። እስከዚያው በእግሬ እመላለሳለሁ። መንገዱ ሩቅ ነው፤ ሆኖም ማታ የምገባው የማንንም ፊት ሳልፈራ በመሆኑ ድካሙ አልተሰማኝም።

ለቢሮዎ ከሚገባው ሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
የስልክ ተቀባይዋ