በሽተኛ መጠየቅ እሴት እንደማይጨምር ስላስረዱን

ጁባ፣ ኅዳር 2005 ዓ.ም.

ለተከበሩ አቶ ግዛው፣
የቡሉክና የካቶር ሰፈሮች ኢትዮጵያውያን ዕድር ሊቀመንበር

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደ ሩብ ዓመት ሪፖርትዎ ያማረ፣ ቤተሰብዎም ባሉበት ሁሉ ደኅና እንዲሆኑ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ካቶር ሱቅ ያለኝ የዕድሩ አባል ረፊቅ ነኝ። ነገሩን በአደባባይ የምጽፍልዎ ድፍረት ኖሮኝ ሳይሆን፣ ለብቻዎ ያቀረብኩት ማመልከቻ የአቤቱታ አቀባበል ሂደቱ ገና በጥናት ላይ ስለሆነ መልስ እንደማያገኝ ስለተነገረኝ ነው።

አንደኛ፣ ምስጋና ይገባዎታል። በመሥሪያ ቤትዎ የሠለጠኑበትን የሥራ አፈጻጸም መለኪያ ወደ ዕድራችን ከማምጣትዎ በፊት፣ ሰው ሲሞት ድንኳን የምንተክለው እየተደናገጥንና እያለቀስን፣ ሰዓት እንኳ ሳንይዝ ነበር። ዛሬ መርዶው ከተመዘገበበት ድንኳኑ እስከሚቆምበት ያለው ጊዜ ከግማሽ ቀን ወደ ሦስት ሰዓት ወርዷል፤ የሐዘንተኛውም እርካታ በመቶኛ ይታወቃል። እንዲህ ያለ ዕድር አዲስ አበባም ያለ አይመስለኝም።

ሁለተኛ፣ በሽተኛ መጠየቅን ስለሰረዙልን። በጠቅላላ ጉባኤው በጥሞና እንዳስረዱን፣ ጠያቂው ቢቆጠርም በሽተኛው በመጠየቁ ያገኘውን ጥቅም በቁጥር ማሳየት ስላልተቻለ፣ ሥራው እሴት የማይጨምር ሆኖ ተገኝቷል። ድሮ ለጠያቂዎች ተራ የምታወጣውና ሾርባ ይዛ ከሁሉ ቀድማ የምትገኘው ወይዘሮ ሒሩት አሁን የድንኳን ወንበር ትቆጥራለች። ሾርባው በሊትር ነው ወይስ በጭልፋ የሚለካው ብላ የጠየቀችዎትን በቃለ ጉባኤው ላይ ለውጥን የመቃወም አዝማሚያ ብለው ማስመዝገብዎም አርቆ አሳቢነትዎን ያሳያል።

ሦስተኛው ሐጎስ ነው። ቡሉክ ውስጥ ብየዳ ሲሠራ የኖረ፣ እርስዎም በደንብ የሚያውቁት፣ መዋጮ አጓድሎ የማያውቅ አባል ነው። ኩላሊቱ ከከዳው ወዲህ ሐኪሞቹ ተስፋ ቆርጠው ወደ ቤቱ መልሰውታል፤ አገር ቤትም የሚቀበለው ዘመድ የለውም። ሰውነቱ አብጦ በረንዳው ላይ ተኝቷል፤ ሰው የሚያመላልስ ቦዳ ሞተር በበሩ ባለፈ ቁጥር ሰው የመጣ እየመሰለው ቀና ይላል። እኔ ሱቄን ስዘጋ እሄዳለሁ፣ ግን ሐጎስ የሰው ፍቅር ያለበት ሰው ነውና የኔ ፊት ብቻ አይበቃውም። የሚፈልገው ሳይሞት ወዳጆቹን ማየት ነው። ይህንኑ ለዕድሩ ጸሐፊ ብነግራቸው፣ የአባሉ ጉዳይ የሚጀምረው መርዶው ሲመዘገብ መሆኑን በትሕትና አስረድተውኛል። ሐጎስ ደግሞ እስካሁን ቅድመ ሁኔታውን አላሟላም።

እውነቱን ለመናገር፣ ይህን የምጽፈው የሚለወጥ ነገር ይኖራል ብዬ አይደለም። ጁባ የመጣነው ሁላችንም ለሥራ ነው፤ ከበሽተኛ ጥየቃ መቅረት ድሮም እንወድ ነበር፣ እርስዎ ደግሞ ለመቅረታችን በሠንጠረዥ የተደገፈ ምክንያት ሰጡን። ሐጎስ ይሞታል፣ ድንኳኑ በሰዓቱ ይቆማል፣ ያን ቀን ሁላችንም ሥራ አስፈቅደን እንገኛለን። ያኔ ግን እሱ አያየንም።

በመለኪያዎ ሁሉ ከአማካይ በታች ሆኖ የሚገኘው፣ ይህም ሆኖ ለእርስዎ ያለው አክብሮት ከወር ወር ያልቀነሰው፣

ረፊቅ ኑሩ
ካቶር

ድኅረ ጽሑፍ፦ ማንም አልጠየቀውም ብዬ እንዳልበድልዎ፣ ባለፈው እሑድ እርስዎ መጥተው ነበር። ድንኳኑ ይበቃ እንደሆነ ለማወቅ ግቢውን በሜትር ለክተው፣ ስንት ሰው እንደሚይዝም ራሱን ሐጎስን ጠይቀውት ሄዱ። እሱ ጠያቂ ሊልኩለት መስሎት ከዚያ ቀን ወዲህ ጠዋት ጠዋት ግቢውን ያስጠርጋል። ለምን እንደለኩት አልነገርኩትም።